ከአንድ መቶ አርባ ሦስተኛው ሥዕል በኋላ

ዓይኔን ስጨፍን ይሄዳሉ፣ ስገልጥ ይቆማሉ፣ ከአርብ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ፀሐዩ አልገጥም ባለው መጋረጃ መሐል ገብቶ ትራሴ ላይ ተጋድሟል፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ወንበር ይጎትታል፣ እሱም እንደኔ ሰላም ያጣ መሆን አለበት፣ እኔ ግን ተኝቼ የማየው የውሻ ኩላሊት ነው። አዎ፣ የውሻ ኩላሊት። ሰው አገሩን ጥሎ ሲወጣ ስንት ዓይነት ሥራ ይሠራል፣ እኔ የውሻ ኩላሊት እጠብቃለሁ። ውሻው ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፣ የማን እንደነበረ፣ ይናከስ አይናከስ የሚያውቅ የለም፣ ከኩላሊቱ የተወሰዱት ህዋሳት ግን ከላብራቶሪ ላብራቶሪ እየተቀባበሏቸው እስካሁን አሉ፣ ይበላሉ፣ ይባዛሉ፣ ይሄዳሉ። ምግባቸው ሮዝ ፈሳሽ ነው፣ በየሁለት ቀኑ የምቀይርላቸው እኔ ነኝ። እናቴ በስልክ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ስትለኝ ማስረዳቱ ጨንቆኝ ሐኪም ቤት የመሰለ ቦታ ነው አልኳት፣ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ዶክተር አድርጎኝ ቁጭ አለ፣ ታናሽ እህቴ ሳቋን እያፈነች «እትዬ፣ የጎረቤታችን ባልቴት ጉልበታቸውን ይዘው መድኃኒት ትላክልኝ ይላሉ፣ ምን ልበላቸው?» አለችኝ፣ ለኩላሊት ከሆነ አለኝ በያቸው አልኳት። ያኔ እንስቅ ነበር።

አሁን የሚያስቅ ነገር የለም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አለቃችን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ላብራቶሪው ይቀጥል ይዘጋ የሚሉት ሰዎች ፊት ቆመው የህዋሳቱን ፊልም ያሳያሉ፣ ፊልሙ ውስጥ ስህተት አለ፣ ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ይህንንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አለቃችንን በልቤ መቀስ እላቸዋለሁ፣ የሰው ንግግር መሐሉ ላይ ይቆርጣሉ፣ እዚህ ትልቅ ትንሹ አንተ አንቺ ይባባላል፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ ማለቱን አልተውኩም፣ መቀስ ስላቸውም አንቱ ብዬ ነው። ማክሰኞ ደብዳቤዬን ይፈርማሉ። ያ ደብዳቤ ከሌለ የሥራ ውሌ አይታደስም፣ ውሌ ካልታደሰ የመኖሪያ ወረቀቴ አይታደስም፣ ወረቀቴ ካልታደሰ ወጥቼ መመለስ አልችልም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን ሳላይ የቀረሁት በዚህ ነው፣ ወረቀት የሚያድሱበት ቢሮ መስኮት ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ በሄድኩ ቁጥር ፈገግ ብላ «መውጣት ትችያለሽ፣ መግባቱን ግን እኔ አላውቅም» ትለኛለች፣ ፈገግ ባትል ይሻለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ እየረሳች ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳች፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ሰው። ከሦስት ሳምንት በፊት እህቴ ደውላ «እትዬ፣ እያወቀችሽ ድረሺ» አለችኝ። እያወቀችሽ። ወረቀቱን የምፈልገው ለዚህ ብቻ ነው፣ ገብቼ ደጃፉ ላይ ስቆም እናቴ ቀና ብላ በስሜ እንድትጠራኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ከዚያ በኋላ ትርሳኝ። ነገ ፊልሙ ከተሰረዘ ግን ደብዳቤ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ላብራቶሪ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚቆረጠው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁለቴ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወንበር ነበር ባዶ የሆነው።

ተገላብጬ ግድግዳውን አያለሁ፣ ግድግዳው ላይም ይሄዳሉ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ህዋሳቱ ኩላሊትን ከውስጥ እንደሚያለብሱት ሁሉ የሳህኑን ወለል ተጠጋግተው ጥቅጥቅ ብለው ሲያለብሱት በቀጭን የፕላስቲክ ጫፍ መሐላቸውን አንድ ጊዜ እጭራለሁ፣ ባዶ መንገድ ይከፈታል፣ ሳህኑን ሙቀቱ እንደ ገላ የሆነ ሳጥን ውስጥ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጬ መብራት አጥፍቼ እወጣለሁ። ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው አንድ ፎቶ ያነሳል፣ በሃያ አራት ሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሥዕል። በዓይን ቢያዩአቸው አንዳቸውም ንቅንቅ አይሉም፣ ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁ አንገት ይደርቃል እንጂ ምንም አይታይም፣ ሥዕሎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ግን አንድ ቀን በአሥራ ሁለት ሰከንድ ያልፋል፣ ያኔ ጉዱ ይወጣል፣ ያ ዝም ያለው ምንጣፍ ከሁለቱም ዳር ወደ ባዶው መንገድ ይፈስሳል። ግንባር ላይ ያለችው ህዋስ ስስና ሰፊ እግር ታወጣለች፣ እግር ልበለው እንጂ የራሷ ገላ ጠርዝ ነው፣ ወደፊት ትዘረጋዋለች፣ ወለሉን ትይዛለች፣ ትስባለች፣ ኋላዋ ይለቅቃል፣ በአንድ ሰዓት የጸጉር ውፍረት ሩብ ያህል ብትሄድ ነው። የኋላዎቹ ጎረቤታቸውን ሳይለቁ ይከተላሉ፣ መንገድ ሲሻገሩ እጅ ለእጅ እንደሚያያዙ ልጆች፣ አንዷ ስትስብ ሌላዋ ትሳባለች። ስትከፈል ብቻ እግሯን ሰብስባ ትድቦለቦላለች፣ ሁለት ሆና እንደገና ትነጠፋለች። ብቻዋን ተለይታ የወጣች ካለች ደግሞ አቅጣጫ የላትም፣ ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፣ ብዙ ትሄዳለች፣ የትም አትደርስም፣ እሷን ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ኮምፒውተሩ ሊከታተላቸው ቢሞክር ሲነካኩ ያምታታቸዋል፣ ስለዚህ ሰው ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዷ ቁጥር ሰጥቶ በየሥዕሉ መሐሏ ላይ በመዳፊት እየጫነ የሚከተላት ሰው፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ጊዜ ለአንዷ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ጊዜ ለሌላዋ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። «አንቺ ካየሻት፣ አየሻት ነው» ይላሉ መቀስ፣ ሳይቆርጡ የጨረሱት ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እና አሥራ ሰባት ቁጥር። ነገ የሚነገረው ወሬ ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው፣ አንዴ ግንባር የያዘች ህዋስ እስከ መጨረሻው ግንባር ናት የሚለው፣ ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው አርባ ምናምን ጎረቤት ከኋላዋ እየጎተተች ባዶውን መንገድ የተሻገረችው አሥራ ሰባት ቁጥር፣ መንገዷ በቀይ መስመር ተሠርቶ፣ ያምራል። አርብ ከሥራ መውጫ ላይ መስመሩን ለነገው ፊልም ሳስተካክል ቀስ ብዬ አጫወትኩት፣ አንድ መቶ አርባ ሦስተኛው ሥዕል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የሞተች ህዋስ፣ ከወለሉ ተላቃ ፈሳሹ ላይ የምትንሳፈፍ፣ እንዲህ ያሉ ሁልጊዜ አሉ፣ እየዋለለች መጥታ ግንባሩ ላይ ያሉትን ሁለቱን ሸፈነቻቸው፣ አሥራ ሰባትንና ጎረቤቷን ሃያ ሁለትን፣ ለስድስት ሥዕል፣ ለግማሽ ሰዓት። ስታልፍ ግንባር ላይ አንዲት አለች። እኔም ያቺን አሥራ ሰባት ብዬ ቀጠልኩ። ለምን? ምክንያቱም የዛሬ ሦስት ሳምንት እነሱን ስከተል፣ ልክ እዚህ ሥዕል ላይ ስደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ስልክ ማብራት ክልክል ነው፣ ኮሪደር ወጣሁ፣ እህቴ ናት፣ «እያወቀችሽ ድረሺ» ያለችኝ ያኔ ነው። ተመልሼ ስቀመጥ ዓይኔ ውኃ ሞልቶ ነበር፣ ግንባር ላይ ያለችውን አየሁ፣ ጫንኩ፣ ሌላዋን ሳላይ ጫንኩ፣ ቀጥዬ ጫንኩ፣ አንድ መቶ አርባ ጊዜ በተሳሳተች ህዋስ ላይ ጫንኩ። ምናልባት አልተሳሳትኩ ይሆናል። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል። እስቲ ሄጄ ልየው፣ ተኝቼ ከምቃጠል።

ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ሰላም አላልኳትም። መንገዱ ባዶ ነው፣ ሱቆቹ ዝግ ናቸው፣ አንድ አባት ሕፃን በጋሪ እየገፋ ስልክ ያወራል፣ አውቶቡሱ ውስጥ እኔና ሹፌሩ ብቻ ነን፣ ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኛል፣ የሰረቅሁ ሳልመስለው አልቀርም። የላብራቶሪው በር በካርድ ይከፈታል፣ ካርዴን ሳስጠጋ አረንጓዴ በራ፣ ገና ያውቀኛል ማለት ነው፣ ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል። የማይክሮስኮፑ ክፍል መስኮት የለውም፣ እዚያ ሲገባ ቀንም ሌሊትም የለም፣ ሙቀት ሳጥኑ ያጉረመርማል፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። አንድ መቶ አርባ አንድ። አንድ መቶ አርባ ሁለት። ሁለቱም ይታያሉ፣ አሥራ ሰባት ከፊት፣ አስኳሏ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ አሉ፣ ሃያ ሁለት ከጎኗ፣ ትንሽ ኋላ ቀረት ብላ፣ የእሷ ሦስት ናቸው። አንድ መቶ አርባ ሦስት፣ ሟቿ መጣች። አርባ አራት፣ አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት። አርባ ዘጠኝ ላይ ተነሳች። ግንባር ላይ ያለችውን አሳድጌ አየኋት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና ቆጠርኩ፣ ሦስት። አሥራ ሰባትን ፈለግኳት፣ አለች፣ እግሯን ሰብስባ፣ ጠብባ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ገብታለች፣ ማንም አልገፋትም፣ ዝም ብላ ወደ ኋላ ቀረች፣ ሃያ ሁለት ደግሞ ባዶ የቀረውን ቦታ በሰፊ እግሯ ሸፍና መሳብ ጀምራለች፣ ያለ ጩኸት፣ ከዚያ ሥዕል እስከ መጨረሻው አሥራ ሁለት ሰዓት የጎተተችው እሷ ናት። መዝገቡ ላይ ግን የእሷ ቁጥር የለም፣ አንድ መቶ አርባ ሁለት ላይ ያበቃል፣ «ጠፋች» ብዬ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው።

በሩ ተከፈተ፣ ደንግጬ ስክሪኑን አጠፋሁት፣ እንደ ጥፋተኛ፣ ጥፋተኛም ነኝ። ወገቤ ነው። ተመራማሪው ልጅ፣ ነገ የሚቀርበው ሥራ የሱ ነው፣ ሦስት ዓመት ለፍቶበታል፣ በቀን ሰባት ጊዜ «ወገቤ!» ስለሚል ሌላ ስም አልሰጠሁትም። «አንቺም እዚህ ነሽ? እኔ እኮ ንግግሩን ለግድግዳ ልለማመድ መጥቼ ነው፣ ወገቤ አልቀመጥ ብሎኝ» አለ፣ ፊቱ በርቷል፣ ሸሚዙን ለነገ አስተኩሶ በእጁ ይዟል፣ «ያቺ አሥራ ሰባት ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? ልጅ ብወልድ ስሟን አሥራ ሰባት ነው የምላት።» ዝም በይ አልኩ ለራሴ፣ ማክሰኞ ሁለት ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ዝም ማለት ያቅትሻል? «አሥራ ሰባት አይደለችም» አልኩት። አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አላልኩም። «ምኑ?» «ከአንድ መቶ አርባ ሦስት በኋላ አሥራ ሰባት አይደለችም፣ ሃያ ሁለት ናት፣ ተሳስቼ ነው።» ስክሪኑን አበራሁለት፣ ነጠብጣቦቹን አሳየሁት፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ወገቡን ረሳው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክፍሉ ውስጥ ከህዋሳቱ በቀር የሚሰማ ያለ ይመስል፣ «አንዲት ህዋስ ናት። ከሦስት መቶ አንዲት። ሌሎቹ ደህና ናቸው አይደል?»

«አላውቅም። ሌሎቹንም እኔው ነኝ የተከተልኳቸው።»

«እንዲህ አትበይ፣ በእናትሽ! አዳራሹ ውስጥ ነጠብጣብ የሚቆጥር የለም። ነገ ይለፍ፣ ማክሰኞ ደብዳቤሽ ይፈረም፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ለእኔ ብዬ መሰለሽ? እናትሽን አታዪም ወይ?»

በእናትሽ አለኝ፣ ልቤን የት እንደሚያገኘው አውቆ ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ፈርቶ ነው፣ እኔም ፈርቻለሁ። የተተኮሰውን ሸሚዝ እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሞ ያየኛል። «ላስብበት» አልኩት፣ «እስከ ማታ ላስብበት።» «ምን ይታሰባል» አለና ወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ንግግሩን ሲለማመድ ይሰማኛል፣ ግንባር የያዘች ህዋስ እስከ መጨረሻው፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣ እስከ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል። እውነቱን ነው፣ ማን ይቆጥራል? ዝም ብል ማክሰኞ ይፈረማል፣ በወሩ ወረቀቱ ይመጣል፣ በሁለተኛው ወር ደጃፉ ላይ ነኝ፣ እናቴ ቀና ትላለች። ይኸው ወሰንኩ፣ ዝም እላለሁ። ስወስን ሰውነቴ ቀለለኝ፣ ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዛጋሁ። ይህንን ለእህቴ ልንገራት፣ በርትተሽ ጠብቂኝ፣ እናታችንን ጠብቂልኝ፣ ሁለት ወር ብቻ ልበላት ብዬ ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ።

በምስል አነሳችው፣ ሳታስበው ይመስለኛል፣ ልብስ እያጣጠፈች ነው፣ ከስታለች፣ ከኋላዋ እናቴ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ስንት ጊዜ ነው በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች፣ አሁን ገና ተኛች፣ ነገ ደውይ ስትለኝ የከረመችው። «እማዬ!» አልኩ፣ «እማዬን አሳዪኝ!» እህቴ ስልኩን ልታዞር ስትል እናቴ ከኋላ ተጣራች፣ «ችኩሌ፣ ማናት?» አለች። ችኩሌ እኔ ነኝ። በሰባት ወሬ ስለተወለድኩ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፣ ከእሷ በቀር ማንም አይጠራኝም። አወቀችኝ ብዬ ዘለልኩ፣ «እኔ ነኝ እማዬ! ችኩሌ ነኝ!» ልል አፌን ስከፍት እህቴ ዞር ብላ «አቤት እማዬ፣ መጣሁ» አለቻት። አቤት አለቻት። በስሜ ስትጠራ እህቴ አቤት አለች። ጆሮዬን አላመንኩም፣ ስልኩ ተናወጠ፣ ጣሪያ አየሁ፣ በር አየሁ፣ ከዚያ የእህቴን ፊት ጓዳ ውስጥ አየሁት።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አልኳት።

«እትዬ...»

«ስሜን ነው የጠራችው! እኔን ነው የጠራችው! ለምን አቤት አልሽ?»

«አራት ወሯ ነው» አለች፣ ወደ በሩ እያየች፣ «ችኩሌን ጥሩልኝ አለች፣ ውጭ አገር ናት አልኳት፣ አለቀሰች፣ ማን ሰደዳት ብላ አለቀሰች፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና ችኩሌን ጥሩልኝ፣ እንደገና ነገርኳት፣ እንደ አዲስ አለቀሰች። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ። አንድ ቀን ሲደክመኝ አቤት አልኳት። ሳቀች እትዬ። እጄን ይዛ ተኛች። ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ሚጣስ? አንቺን ስትፈልግስ?» ሚጣ እህቴ ናት፣ የቤት ስሟ ነው።

«ሚጣ ውጭ አገር ናት» አለች። ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ለጎረቤት ሁሉ ትንሿ ልጄ ርቃ ሄደች፣ ትልቋ ግን አለችልኝ ትላለች። አሁን እኔን በስሜ የሚጠራኝ የለም። እያወቀችሽ ድረሺ ያልኩሽ ፊትሽን ስታይ ይመለስላት ይሆናል ብዬ ነው። ሐኪሙ አይመለስም አለኝ። ልነግርሽ አቃተኝ።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ስድስት ዓመት መስኮት ላይ ተሰልፌ፣ በየቀኑ ሺህ ጊዜ እየጫንኩ፣ የውሻ ኩላሊት እየመገብኩ የጠበቅኳትን አንዲት ጥሪ እሷ እዚያው ሆና በቀን ስድስት ጊዜ ትሰማታለች፣ ሌባ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጇን አየሁት። ስልኩን የያዘው እጇ በሳሙና ተልጧል፣ የአንሶላ አጠባ ነው፣ እናቴ አልጋ ላይ እንደምትሸና ማንም አልነገረኝም፣ ከኋላዋ ገመዱ ላይ አራት አንሶላ ተሰጥቷል። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ያጫት ሰው ነበር፣ ስለሱ ካወራችኝ ዓመት አልፏል፣ አልጠየቅኳትም፣ እኔ ስለ ወረቀቴ ነው የማወራት። ማን ገፋት? ማንም አልገፋትም፣ ቦታው ባዶ ነበር። «በኋላ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት፣ ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ወገቤ ንግግሩን ጨርሶ ለራሱ ያጨበጭባል፣ አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፣ ስድስት ዓመት ያጠራቀምኩትን በሙሉ።

ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ። አላሰብኩበትም፣ እጄ ነው የሄደው፣ አንድ መቶ አርባ ሦስትን ከፈትኩ፣ ቀዩን መስመር ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ ሰረዝኩት፣ «ጠፋች» የሚለውን ፋቅኩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ፣ አንድ መቶ አርባ ጊዜ፣ ሃያ ሁለትን በራሷ ቁጥር ጫንኳት፣ አሥራ ሰባትንም ኋላ ረድፍ ውስጥ ሆና በጎረቤቶቿ ስትሳብ አንድ በአንድ ጫንኳት፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ለመቀስ ጻፍኩላቸው፦ ከአንድ መቶ አርባ ሦስተኛው ሥዕል በኋላ አሥራ ሰባት ቁጥር ብዬ የተከተልኩት ሃያ ሁለት ቁጥርን ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ የታረመው ተያይዟል። ላክሁት። ስልኩ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጮኸ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ተመራማሪው ያውቃል?»

ኮሪደሩን አየሁ፣ ሸሚዙን ወንበር ላይ ሰቅሎ ጀርባውን ለማሳረፍ ወለሉ ላይ ተንጋሏል። «አያውቅም» አልኩ። ይቺን አንዲት ውሸት ይቁጠሩብኝ።

«እንግዲያው ነገ አላሳይም። የቀሩት ሦስት መቶዎቹ ከመጀመሪያው ጀምረው ይቆጠራሉ፣ አንቺ ትቆጥሪያለሽ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ይመረምርሻል።»

«አራት ወር ይፈጃል» አልኩ፣ «ውሌ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። ደብዳቤዬ...»

«ማክሰኞ የምፈርመው ነገር የለኝም» አሉ። ከዚያ «ስላልደበቅሽኝ...» ብለው ጀመሩ፣ እንኳንስ የሰውን የራሳቸውንም ቆረጡት፣ ስልኩ ተዘጋ። አለቀ። ወረቀት የለም፣ ደጃፍ የለም፣ ቀና የሚል ፊት የለም። ለወገቤ ነገርኩት፣ አልተቆጣኝም፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ወገቤን» አለ፣ ሸሚዙን ጥሎት ሄደ፣ አጣጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩለት።

ፀሐዩ ገና አልጠለቀም፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደወልኩ፣ ድምፅ ብቻ። ያነሳችው እናቴ ናት። እህቴ እጇ ሳሙና ሆኖ ነው መሰለኝ ስልኩን ሰጥታት። «ማነሽ?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ያው ነው፣ ድምፅዋ ምንም አልረሳም። ስድስት ዓመት ስዘጋጅ የቆየሁት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ አንዴ ብቻ ብላት ምናለበት፣ አንዴ አልቅሳ ትረሳው የለ? «ሚጣ ነኝ እማዬ» አልኳት።

«ሚጣዬ! የኔ ርቀሽ የሄድሽ! በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ብርዱስ? ሰው አለሽ? ብቻሽን ነሽ? ስላንቺ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም እኮ፣ ለችኩሌ እነግራታለሁ፣ ያቺን ልጅ ለምን ሰደድኳት እያልኩ።»

እናቴ ስለኔ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስሙ የእህቴ ይሁን እንጂ የሄደችው፣ የራቀችው፣ የምታስባት እኔ ነኝ። «አታስቢ እማዬ» አልኳት፣ «ሰው አለኝ። መምጫዬን ግን አላውቅም።»

«ምን ይደረግ። እኔ ደህና ነኝ፣ እህትሽ ከአጠገቤ ንቅንቅ አትልም፣ ታጥበኛለች፣ ታበጥረኛለች፣ አንዳንዴ ተደብቃ ስታለቅስ አያታለሁ፣ ምን እንደሆነች አትነግረኝም። አንቺ አናግሪያት እስቲ፣ እህትሽ አይደለሽ? እንቺ፣ ችኩሌ፣ እህትሽ ናት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኮሽታው ይሰማኛል። እህቴ ያዘችው፣ አልተናገረችም፣ እናታችን አጠገቧ ናት፣ ትሰማለች፣ እትዬ ማለት አትችልም፣ ትንፋሿን ብቻ እሰማለሁ፣ እንደ ሕፃንነቷ ስትፈራ የምትተነፍሰው ነው። ምን እንደምላት ስትጠብቅ፣ ስሜን ልቀማት እንደሆነ ስትጠብቅ ቆየች።

«ችኩሌ» አልኳት።

አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ፣ እናታችን እንድትሰማው ጮክ ብላ፣

«አቤት፣ ሚጣዬ» አለችኝ።